ተኝታ «አቤት» የምትለው ላፕቶፕ

መዥገሯ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሷም ገና ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር አትጠፋም ነበር። ከፍተው ሲነካኩት የዋሉትን ሬዲዮ «በቃ ነገ እናየዋለን» ብለው ሊገጥሙት ሲነሱ፣ እጃቸውን ይዛ አላስነሳም ትላለች። «ይህቺ ልጅ መዥገር ናት፤ ከያዘች አትለቅም!» አሉ አንድ ቀን። በቀልድ የወጣው ስም በዚያው ቀረ። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሰፈሩ ላፕቶፕ ሁሉ ሲታመም የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ደንበኞቿ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል መዥገሯ ናት። ታውቃለች፤ አይከፋትምም።

የምትሠራው ከታላቅ ወንድሟ ጋር በተካፈሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ በሩ ያለው ግማሽ የወንድሟ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፤ ማሽኑ ወረቀት በነከሰ ቁጥር ይረግመዋል። የውስጠኛው ግማሽ የእሷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ወፍራም ጎማ ተነጥፏል። ብሎኖቿ በባዶ የቅባት ቆርቆሮዎች ውስጥ በየመጠናቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። አቧራ የምትጠርግበት ብሩሽ ድሮ የፊት ዱቄት መቀቢያ የነበረ ነው፤ ዛሬም ጠጋ ብሎ ላሸተተው ዱቄት ዱቄት ይላል። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የቻርጀር ገመዶች በየዓይነታቸው ተጠቅልለው በምስማር ተንጠልጥለዋል።

አንድ ልማድ ነበራት። ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ የሚስማማውን ገመድ ታወርድና ትሰካለች። ለእንግዳ ወንበር እንደ መሳብ ያለ ነገር ነው። «መጀመሪያ ትጉረስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ትላለች። በዚህ ልማዷ ክፉ ያየ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን።

ያን ሰሞን የመጣችው ሴት በታችኛው መንገድ የምትኖር ናት። ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የመንገደኞችን ጥያቄ በጽሑፍ ትመልሳለች። «አውቶቡሱ ዘገየ»፣ «ሻንጣዬን ረሳሁ»፣ «መስኮት አጠገብ አድርጉኝ» የሚሉትን ሁሉ ቤቷ ተቀምጣ ነው የምታስተናግደው። የመዥገሯ ወንድም «መላሿ» ይላታል፤ እኛም እንዲሁ እንበላት። ላፕቶፗን በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋ ገባች።

«እትዬ፣ ላስቸግርሽ ነው። ክዳኗን ዘግቼ ስከፍታት ዋይፋዩ አለ ትለኛለች። ምልክቱም ሙሉ ነው። ግን አንዲት ቃል አትልክም፣ አንዲት ቃል አትቀበልም። አጥፍቼ እንደ አዲስ እስካስነሳት መንገደኛው ይጮኽብኛል፤ ለተቆጣጣሪዬ ደግሞ ሥራ ጥዬ የሄድኩ እመስላለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትዘጊያታለሽ?» አለ ወንድምየው ከበሩ በኩል።

«ልዝጋ ብዬ ነው? እናቴ ወገቧን ከተመታች ወዲህ ከአልጋ አትርቅም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። በጠራችኝ ቁጥር ዘግቼ አነሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁ። እንቅልፍ ሲወስዳትም ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህ ሥራ ከሄደብኝ ውጪ ወጥቼ መሥራት ሊኖርብኝ ነው። እኔ ከወጣሁ ደግሞ እማዬን የሚያነሳት የለም። ታላቅ እህቴ ወደ እሷ ከተማ ልትወስዳት ቆርጣለች። እማዬ ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው በሸክም ነው ብላለች።»

መዥገሯ ይህን ስትሰማ ገመዱን ሰክታ ጨርሳለች። ክዳኑን ዘጋች። ሻይ ቀዳች፣ ለመላሿም ሰጠቻት። ክዳኑን ከፈተች። ዋይፋዩ ደህና ነው፤ የላከችው ሁሉ ይሄዳል፤ የጠየቀችው ሁሉ ይመጣል። ደግማ ዘጋች፤ ሻይዋን ጨርሳ ከፈተች። ደህና። ላፕቶፕ በውስጧ የሆነውን ሁሉ ትመዘግባለችና ያንንም አየች። ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ደህና ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም።

መላሿ በሐፍረት አንገቷን ደፋች። «ልክ እንደ እማዬ ናት። ሌሊቱን ስታቃስት ታድርና ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ምንም አልሆንኩም ትላለች።»

«አይዞሽ፤ ብዙ ዕቃ እኔን ሲያይ ይድናል» አለች መዥገሯ። ሳቁ። መላሿ ላፕቶፗን ጠቅልላ ሄደች።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ማታውን እናቷን ልታነሳ ዘግታ ብትከፍት ያው ነው።

«የቤትሽ ዋይፋይ ነው ችግሩ» አለ ወንድምየው።

«ስልኬ በዚያው ሰዓት ይሠራል፤ ለተቆጣጣሪዬ ይቅርታ የምለው በሱ ነው።»

መዥገሯ ገመዱን ሰክታ የላፕቶፗን ሆድ ከፈተች። የዋይፋይ ካርዱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት። በጠፍጣፋው መቆንጠጫ ነቅላ፣ ከሌላ የሞተ ላፕቶፕ ያወጣችውን ደህና ካርድ ተካችበት። ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ወንድሟ «ኧረ ማጠፊያዋን ልትጨርሺባት ነው» እስኪል ድረስ ሞከረች። እንከን የላትም።

በሦስተኛው ጊዜ መላሿ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ጽፋላታለች፤ አንዴ ብቻ እንደገና ከመስመር ብትወጣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እህቷ ደግሞ ይህን ሰምታ እናትየውን የሚወስድ መኪና ማፈላለግ ጀምራለች።

መላሿ በር ላይ ቆማ ለአፍታ አየር ስትወስድ፣ ወንድምየው ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለ። «እህትዓለም፣ ተይው። ምንም የለባትም በያትና መልሺላት። ሰውም ይደክማል፤ ምናልባት አሳስቷት ይሆናል።»

«የለባትም አልልም።»

«ታዲያ ምን አለባት?»

«እሱን ባውቅ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»

«እነሆ፣ ነከሰች!» አለና እጁን አወናጨፈ። «አባቴ ይሙት፣ አሁን ማን ያላቅቃታል?»

መዥገሯ መነጽሯን አድርጋ ላፕቶፗን አየች። እዚህ ደህና ናት፤ እዚያ ትታመማለች። ሴትየዋ ውሸታም አይደለችም፤ ማሽኗም አትዋሽም። እንግዲያው እዚህና እዚያ የሚለያይ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ወደ በሩ ወጣች።

«ሥራሽ የሚጀምረው ከምሳ በኋላ አይደል? ነገ ረፋዱ ላይ እመጣለሁ። ታማ እስካያት ድረስ ከቤትሽ አልወጣም፤ ንገሪልኝ ለእናትሽ።»

በማግስቱ መሣሪያዋን በትከሻ ቦርሳዋ ይዛ ወረደች። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ዋይፋዩ መደርደሪያ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከዚያ ቀጭን መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ የእናትየው ክፍል። አልጋው መላሿ እንዳትጎነበስ በጡብ ከፍ ተደርጓል። በግርጌ በኩል የታጠፉ አንሶላዎች በቅርጫት፣ በራስጌ በኩል እግሩ በሲባጎ የታሰረ ወንበርና አንዲት ዝቅተኛ ጠረጴዛ። ምርኩዙ ከአልጋው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። መጋረጃው እስከ መስኮቱ ወገብ ድረስ ብቻ ነው፤ እማማ መንገደኛ ማየት ይወዳሉ።

«እስቲ ጠጋ በዪ» አሉ እማማ። «መዥገሯ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«እማዬ!» አለች መላሿ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«አዎ እማማ፣ እኔው ነኝ።»

«መልክሽ እንኳ ደህና ነው። እኔ ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። በይ፣ ጣውንቴን አድኚያት።»

«ጣውንትዎን?»

«ያቺን ነዋ!» በአገጫቸው ወደ ላፕቶፗ አመለከቱ። «ቀኑን ሙሉ ልጄ ጭን ላይ የምትውለው። እኔ ስጠራ ልጄ ትኮራለች፤ ያቺ ጢን ስትል ትሮጣለች።»

መዥገሯ በሲባጎ የታሰረው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ገመዷን አወጣች፤ አንዱን ጫፍ በላፕቶፗ ጎን ልትሰካ ይዛ በሌላው ሶኬት ትፈልግ ጀመር። ግድግዳውን አየች፣ ከአልጋው ሥር አጎንብሳ አየች።

«ሶኬቱ የት ነው?»

«እዚህ ክፍል የለም» አለች መላሿ። «በፊተኛው ክፍል ነው ያለው። ማታ ማታ እዚያ ትሞላለች፤ ቀን ያለ ገመድ ነው የምሠራባት።»

«ማራዘሚያስ?»

«አንቺ! ገመድ እዚህ ቤት እንዳይዘረጋ!» አሉ እማማ። «ወገቤን የሰበረኝ ማን መሰለሽ? እዚያ መተላለፊያ ላይ ተጋድሞ የነበረ ማራዘሚያ ነው። አልጋ ላይ የዋልኩት በሱ ነው።»

መዥገሯ የገመዱን ጫፍ በጣቶቿ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ጫፉን አየችው፤ ላፕቶፗን አየች፤ እንደገና ጫፉን አየችው። በሱቋ ውስጥ ይህቺ ላፕቶፕ አንድ ደቂቃ እንኳ ያለ ገመድ አላሳለፈችም። በገባች ቁጥር ገና ሰላም ሳትባል ገመድ ጎርሳለች።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«በሽታዋን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ተርባ ሳለች አይቻት አላውቅም።»

ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን ዘጋች። እማማ ስለ ድሮ ጎረቤታቸው የጀመሩትን ወሬ እስኪጨርሱ ጠበቀችና ከፈተች። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። አንድ ቃል ጽፋ ላከች። ቃሉ አልሄደም። ደግማ ላከች። ወይ ፍንክች!

«ጠፋ!» ብላ በደስታ ጮኸች፤ ወንበሩም አብሯት ጮኸ። «ጠፋ፣ እሰይ!»

«ሲበላሽ እልል የሚል ጠጋኝ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ እማማ።

መዥገሯ እጅጌዋን ሰበሰበች። አሁን ጠላቷን በዓይኗ አይታዋለች። መላሿ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ «ምንድን ነው እትዬ?» ስትላት፣ እማማም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ አስረዳች።

«በገመድ ስትሆን ጠግባ ነው የምትሠራው። ከገመድ ስትለይ ቁጠባ ትጀምራለች። ሥራ ቀነስ ሲል የዋይፋይ ካርዷን ትንሽ ሸለብ ታደርገዋለች፤ ባትሪ እንዲተርፋት ነው። ይህ በደህናው ጊዜ ክፋት የለውም። ክዳኗ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ሌላው አካሏ ሁሉ ሲነቃ ካርዱ ብቻ አይነቃም። ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አለህ ወይ ብሎ ይጠራዋል። እሱም አቤት ይላል። ለዚህ ነው ምልክቱ ሙሉ የሆነው። ግን አቤት የሚለው በእንቅልፍ ልቡ ነው፤ ሥራ አይሠራም።»

«ይኼማ የሞተው ባሌ ነው!» አሉ እማማ።

መላሿ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

መዥገሯ ድራይቨሩን ነቅላ እንደገና ጫነችው። የቆመው ቃል ወዲያው ሄደ፤ ስለዚህ ጥርጣሬዋ ልክ ነው። ቀጥላ የካርዱን ቁጠባ አጠፋችው። አሁን ሸለብ ማለት የለም። በኩራት ክዳኑን ዘጋች፤ ከፈተች። ቃሉ አልሄደም።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ቅንብሩን አየችው፤ ያጠፋችው ቁጠባ በርቷል። ላፕቶፗ ከእንቅልፏ ስትነቃ የተነገራትን ረስታ የድሮ ልማዷን ይዛለች። አጠፋችው፤ ዘጋች፤ ከፈተች። በርቷል።

«እትዬ፣ ክዳኗ ሲዘጋ ጭራሽ እንዳትተኛ ብናደርግስ?» አለች መላሿ። ዓይኗ በተከፈተው በር አልፎ ወደ መተላለፊያው የግድግዳ ሰዓት ይመላለሳል።

«ባትሪዋ ሥራሽን ሳትጨርሺ ታልቃለች። ያኔም ከመስመር ወጣሽ ማለት ነው።»

«ሰዓቱ እየደረሰ ነው።»

«ይድረስ። አንቺ እማማን ምሳ አብያቸው፤ እኔን ተዪኝ።»

አንድ ጊዜ ነግረሽው የሚረሳውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? በነቃ ቁጥር ትነግሪዋለሽ። መዥገሯ ያሰበችው ይህንኑ ነው። አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች፤ ላፕቶፗ ከእንቅልፍ በነቃች ቁጥር ማንም ሳይነካት ራሷ የካርዱን ቁጠባ እንድታጠፋ። ዘጋች፤ ከፈተች። ከማያ ገጹ ጋር ተፋጥጣ ቃሉን ላከች።

አልሄደም።

ከአልጋው በኩል የማንኪያ ድምፅ ቆመ። «እንቢ አለች?» አሉ እማማ፣ አሁን ያለ ቀልድ።

«እንቢ ብትል እኔም እንቢ እላለሁ።»

የጻፈችውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ደግማ አነበበች። ስህተት የለበትም። መዝገቡን ገለጠች፤ ሱቋ ውስጥ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም ያልነገራት መዝገብ አሁን አንድ ነገር አሳያት። ትእዛዙ ደርሷል፤ ግን የደረሰው ካርዱ ገና ሳይነሳ ነው። ላልነቃ ሰው ተናግሮ እንደ መሄድ ነው። ካርዱ ተነስቶ መስመሩን እስኪይዝ ጠብቆ እንዲናገር አድርጋ አስተካከለችው። ዘጋች። ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከፈተች።

ቃሉ ሄደ። መልሱም መጣ።

ደግማ ሞከረች። ሄደ። ወደ መተላለፊያው ይዛት ወጥታ ሞከረች፣ በአጭሩም በረጅሙም አስተኝታ ሞከረች። ሄደ። «ያዝኳት መሰለኝ» አለች። እሰይ አላለችም፤ ሁለት ጊዜ አታላታለችና።

መላሿ እጇን አድርቃ ተቀመጠች፤ ሥራዋን ከፈተች። መንገደኞቹ እንደ ተጠራቀመ ውኃ ጎረፉባት። አንዱ ሻንጣውን አውቶቡስ ላይ ረስቷል፤ አንዷ የልጇ ወንበር ከእሷ ተለይቶባታል። የመላሿ ጣቶች መሮጥ ጀመሩ። መዥገሯ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቆየች፤ መሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም።

በዚህ መሃል ማያ ገጹ ላይ የተቆጣጣሪዋ ጽሑፍ ብቅ አለ። «አለሽ?» ይላል።

መላሿ መልስ ልትጽፍ እጇን ስታነሳ፣ ከአልጋው ላይ አንድ ቀጭን ክንድ ተዘርግቶ ክዳኑን ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

«እማዬ!»

እማማ እጃቸውን አላነሱም። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ጣሪያውን ያያሉ። መላሿ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። መዥገሯ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የላፕቶፗ መብራት ቀስ እያለች ጠፋች። እማማ ያን ጊዜ ነው እጃቸውን የሰበሰቡት።

«ክፈቻት» አሉ።

መላሿ ከፈተች። ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ግን ምልክቱ መቼም ሙሉ ነው፤ እሱን የሚያምን የለም። «አለሁ» ብላ ጻፈች። ላከች። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

ሄደ።

«ጥሩ። ዛሬ እየተከታተልኩሽ ነበር፤ መስመርሽ ተስተካክሏል። በዚሁ ቀጥይ» የሚል መልስ መጣ።

መላሿ ተንበርክካ ፊቷን በእናቷ አንሶላ ውስጥ ቀበረች። እማማ ፀጉሯን ዳሰሱላት፤ ከልጃቸው ራስ በላይ ግን ዓይናቸው መዥገሯ ላይ ነበር።

«ምን ነካዎት እማማ? ነፍሴን ሊያወጡት ነበር እኮ!» አለች መዥገሯ።

«ልፈትናት ብዬ ነዋ። ከዚህ ቤት የምወጣ የማልወጣ መሆኔን በሷ አፍ ነው የምሰማው፤ ትልቋ ልጄ መኪና እያፈላለገች ነው። የምትከዳኝ ከሆነ አንቺ እዚሁ ሳለሽ ትክዳኝ ብዬ ነው።» ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «ሂጂ አንቺ ልጅ፣ ተነሺ፤ ሰውዬው ሻንጣውን ይፈልጋል።»

ያን ቀን ማታ መላሿ ለእህቷ ደወለች። መኪናው ቀረ። እህትየው በበኩሏ ለመጠየቅ እመጣለሁ አለች፤ እማማም ከስልኩ ርቀው «ባዶ እጇን እንዳትመጣ በያት» ብለው ጮኹ።

መዥገሯ ሱቋ ስትመለስ ወንድሟ ማሽኑ የነከሰውን ወረቀት ከጥርሱ ሲጎትት አገኘችው።

«እሺ፣ ምን ነበረባት?»

«እኔ ነበርኩባት» አለችና ነገረችው። ወንድሟ ወረቀቱን ትቶ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ገመዶቹ ከግድግዳው ላይ አልጠፉም፤ ቶሎ ግን አይወርዱም። ሰው ላፕቶፕ ይዞ ሲገባ መዥገሯ መጀመሪያ ታስቀምጠዋለች። የት ሆነህ ነው የምትሠራባት፣ ጭንህ ላይ ነው ጠረጴዛ ላይ፣ ማን ይዘጋታል፣ መቼ ነው የምትሞላት፣ ቤት ውስጥ ማን አለ እያለች ትጠይቃለች። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ችግሩን ረስቶ ስለ ቤተሰቡ ያወራታል። ወንድሟ አልፎ አልፎ ሊያናድዳት ሲፈልግ ከግድግዳው ገመድ አውርዶ «እህትዓለም፣ ትጉረስ እንጂ እንግዳይቱ!» ይላል።

«እጅህን ሰብስብ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል። «ረሃቧን ልይላት።»